እስከ በረካ ላደረሳችሁን ሁሉ

እግዚአብሔር ይመስገን። የወንድሜን አንጎል የጎዳውን አደጋ ሁላችሁም ስለምታውቁት አልደግመውም። ብደግመውም አልጨርሰውም።

ሆስፒታል አብራችሁን ያደራችሁ፣ በየተራ ምግብ ያመጣችሁ፣ እዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያላችሁ ዘመዶችና ጎረቤቶች፣ የኡበር ሹፌር ጓደኞቹ፣ ብድራችሁን እግዚአብሔር ይክፈልልን።

የስፒች ቴራፒስቷን (የንግግር ሕክምና ባለሙያዋን) ነገር ግን በአንድ መስመር ማለፍ አልችልም። መጀመሪያ ስትመጣ ተቆጥቻት ነበር። «ወንድሜ መናገር አላቃተውም፤ እንዲያውም ስድቡ ነው የበዛው» አልኳት። ሳቀች። ለካ ማስታወስ፣ ትኩረት፣ ነገርን በቅደም ተከተል መሥራትም የእነሱ ሥራ ነው። የፊተኛው የአንጎል ክፍል ሲጎዳ ቁጣን መግታትም፣ አንድን ነገር በራስ ተነሳሽነት መጀመርም እንደሚከብድ ያስረዳችኝ እሷ ናት። እኔ ሰነፈ ብዬ ስንት ቀን ጮኼበታለሁ! ይቅር ይበለኝ።

«ምን መሥራት ይወድ ነበር?» አለችኝ። ቡና ማፍላት። ፈረንጅ ናት፣ ረከቦት አይታ አታውቅም። ወለሉ ላይ አብራን ቁጭ ብላ ደረጃውን አንድ በአንድ ጻፈች፤ ማጠብ፣ መቁላት፣ መውቀጥ፣ ውሃ መጣድ። እኔ በአማርኛ ገልብጬ ከምድጃው በላይ ለጠፍኩት። የመጀመሪያ ቀን የተቆላውን ሳይወቅጥ ጀበና ውስጥ ከተተው። ስንነግረው ጀበናዋን ወርውሮ ሰበራት። እኔ አለቀስኩ። እሷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «በረንዳ ውጣ፣ ውሃ ጠጣ» አለችው። እስከ ዛሬ የቤታችን ሕግ ይሄው ነው። በሳምንቱ አዲስ ጀበና ይዛ መጣች። ከየት እንዳገኘችው እንጃ።

በሜዲኬይድ፣ ማለትም መንግሥት ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች በሚሰጠው የጤና መድን በኩል፣ የሜሪላንድ የአንጎል ጉዳት ዌቨር የሚባል፣ የተጎዳው ሰው ከሕክምና ተቋም ውጭ እንዲኖር የሚረዳ ፕሮግራም እንዳለ ለነገረችን ኬዝ ማናጀርም (ጉዳያችንን ለምትከታተለው ባለሙያ) ምስጋናዬ ትልቅ ነው። ሁሉም ሰው አያገኘውም፤ ቤታችሁ እንዲህ ያለ ሰው ካለ ግን ጠይቁ፣ ዝም ብላችሁ አትቀመጡ።

ስማችሁን ያልጠራሁ እንዳትቀየሙኝ። በዚያ ሰሞን የኔም ጭንቅላት በቦታው አልነበረም።

ባለፈው ቅዳሜ ወረቀቱን ሁለቴ ብቻ አይቶ አቦል፣ ቶና፣ በረካ አጠጣን። እናንተም ኑ። ግን ሁለት ሁለት እየሆናችሁ፣ ጫጫታ ያደክመዋል። ሲናገሩም አንድ በአንድ ነው (ይህን ለሐበሻ ንገሩልኝ!)። መሀል ላይ ተነስቶ በረንዳ ከወጣ ደግሞ አትከተሉት፣ ውሃ ሊጠጣ ነው።