ለአባላት፦ ትንንሽ የዘይት ቀለም ሥዕሎችን ስትጀምሩ

ውድ አባላት፣

ለዚህ ዙር 15 በ20 ሴንቲሜትር የሆነ ሰሌዳ ይበቃል። ጄሶ (ከቀለሙ በፊት የሚቀባ ነጭ መሠረት) ሁለቴ ቀብታችሁ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት፤ ነጩን ገጽም በቀጭን ቡናማ አደብዝዙት። በነጭ ላይ ያረፈ ቀለም ከልኩ በላይ ጠቁሮ ስለሚታይ፣ ሳታስቡት ሥዕሉን ታነጡታላችሁ።

መስኮት አጠገብ ያለ ኩባያ ከመረጣችሁ እጀታውን ለጊዜው ተዉት። ዓይናችሁን ጠበብ አድርጋችሁ ብርሃኑን፣ ጥላውንና ጀርባውን በሦስት ጠፍጣፋ ቦታዎች አስቀምጡ። ጠረጴዛው ላይ የወደቀው ጥላ ከኩባያው ሥር ጠርዙ ስል ነው፤ እየራቀ ሲሄድ ይላላል። ይህ ከተያዘ እጀታው ባይኖርም ኩባያ ነው።

ቀለሙ ጭቃ የሚመስለው በአብዛኛው ነጭ ቀለም ጥላው ውስጥ ሲገባ ወይም አንድ ቦታ ደጋግሞ ሲታሽ ነው። በስፓቱላ ፍቃችሁ እንደገና ቀቡት፤ ከመነካካት ይሻላል።

የታችኛው ንብርብር በተርፐንታይን የቀጠነ፣ የላይኛው ዘይት የበዛበት ይሁን። ከተገላበጠ ላዩ ቀድሞ ይደርቅና ይሰነጠቃል።

ውጭ ስትሥሉ ከሁለት ሰዓት በላይ አትቆዩ። ጥላው ይሄዳል፤ መጀመሪያ ባስቀመጣችሁበት ተዉት እንጂ አታሳድዱት።

የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ በራሱ ግሎ ሊቀጣጠል ይችላል፤ ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት።