ለገብሴ ጓደኛ ላፈላለጋችሁልን ሁሉ፦ ከደሴ ምስጋና

ሰላም የደሴ፣ የኩታበርና የኮምቦልቻ ወገኖቼ። እንዴት ናችሁ? እናቴ «ሰው ይህን ያህል ደክሞልን ዝም ማለት ነውር ነው» ብላ ሰሞኑን እረፍት ነስታኛለች። እውነቷን ነው። ስለዚህ ይህ የእሷም የእኔም ምስጋና ነው። የምናመሰግነው ሰው ብዙ ስለሆነ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ለማታውቋት፣ ገብሴ የእናቴ ዶሮ ናት። ገብስማ ስለሆነች ነው ስሟ። ትንሽ ናት፣ ቁጡ ናት፣ ድመት ታባርራለች። ብቻዋን ስትቀርብን ነው ጓደኛ የምትሆናት ዶሮ አፈላልጉልን ብለን የጠየቅናችሁ።

ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲጀምር ፈንግል የሚባለው የዶሮ በሽታ ሰፈራችን ገባ። ፈንግልን ዶሮ ላረባ ሰው መንገር አያስፈልግም። ማታ ደህና ቆጥ ላይ የወጣች ዶሮ ጠዋት ክንፏን ጥላ፣ አረንጓዴ እያስቀመጣት፣ አንገቷ ተጣሞ ትገኛለች። ከያዛት በኋላ የሚያድናት መድኃኒት የለም። ከኛ ግቢ አውራውንም፣ እንቁላል ጣዮቹንም፣ ጫጩቶቹንም ጠርጎ ገብሴን ብቻ ተወልን። ለምን እሷን እንደተዋት እኛ አናውቅም፤ እናቴ «ቁጣዋን ፈርቶ ነው» ትላለች።

ችግሩ ከዚያ በኋላ መጣ። ዶሮ ለብቻዋ መኖር አይሆንላትም። አብራ ትጭራለች፣ አብራ ትለቅማለች፣ ጭልፊት ሲመጣ አንዷ ጮሃ ሌሎቹ ይሸሻሉ፣ ሌሊት በደሴ ብርድ ቆጥ ላይ ተጠጋግተው ነው የሚሞቁት። ገብሴ ይህ ሁሉ ቀረባት። እንቁላል አቆመች። ቆጧ ላይ አልወጣም አለች። ቡና ሲፈላ ረከቦቱ አጠገብ መጥታ ትቀመጣለች፣ ሰው ብድግ ካለ ትጮሃለች፣ እናቴ ሱቅ ስትሄድ እስከ አጥሩ ትሸኛታለች፣ ቀን ቀን ደግሞ የሳሎኑ በር መስታወት ውስጥ የምታያትን ዶሮ እያነጋገረች ትውላለች። እንግዳ ሲመጣ በሳቅ ይሞታል። እናቴ ግን አንድም ቀን አልሳቀችም።

«እረዷት» ያላችሁንም እናመሰግናለን፤ እውነቴን ነው። እንቁጣጣሽ እየደረሰ ነበር፣ የዶሮ ዋጋ ሰማይ ነክቶ ነበር፣ ምክሩ ከክፋት አልነበረም። እናቴ ግን ፈንግል የማራትን እኔ በቢላ አልጨርሳትም አለች። አለቀ። የእናቴን ነገር የምታውቁ ታውቃላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ምስጋና። በመጀመሪያ ሸዋበር ያለሽው እህታችን፣ «ለበዓል ሰሞን ገበያ ወጥታችሁ ዶሮ እንዳትገዙ» ብለሽ ስልክ ደውለሽ የከለከልሽን። በሽታ ሰፈር ሲገባ አንዳንዱ ሰው ዶሮዎቹ ሳይሞቱበት ቶሎ አውጥቶ ይሸጣል። ጤነኛዋም የታመመችውም አንድ ቅርጫት ውስጥ ታድራለች፣ ከዚያ ወደየቤቱ ትበተናለች። በሽታው ከሰፈር ሰፈር የሚዞረው በአብዛኛው እንዲህ ነው። ባትነግሪን ኖሮ ሁለተኛ ዙር ቀብር ነበር የሚጠብቀን። አላህ ይስጥልን።

ሁለተኛ የእንስሳት ጤና ባለሙያው ወንድማችን። ስምህን እንዳልጠራ ስላስጠነቀቅከኝ አልጠራም። ሌላ ዶሮ ከማምጣታችን በፊት መጠበቅ እንዳለብን የነገርከን አንተ ነህ። ኩሱን ጠርገን አቃጠልን፣ የድሮውን ቆጥ አነሳን፣ ቤቱን አጥበን ኖራ ቀባነው፣ ፀሐይ እንዲገባው ክፍት አድርገን ተውነው። በክረምት ደሴ ላይ ፀሐይ መጠበቅ ምን እንደሆነ የጦሳን ጉም የምታውቁ ፍረዱ!

የክትባቱ ነገር ደግሞ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ቢሾፍቱ የሚመረተው የፈንግል ክትባት አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ ነው የሚመጣው። አንዴ ከተበጠበጠ በሰዓታት ውስጥ ማለቅ አለበት፤ ለነገ አይቀመጥም። ለአራት ዶሮ ብሎ ብልቃጥ የሚከፍት ሰው የለም። እኛ ጋ ደግሞ አንዱ ሁለት አለው፣ አንዱ አምስት አለው፣ ግማሹ «ክትባት ዶሮ ይገድላል» ብሎ ይፈራል። እዚህ ጋ ነው የሰፈራችን ልጆች የሠራችሁት ሥራ የሚያስደንቀው። ቤት ለቤት ዞራችሁ መዘገባችሁ፣ የፈራውን አሳመናችሁ፣ «ጠዋት ባለሙያው እስኪመጣ ዶሮ እንዳትለቁ» ብላችሁ ለሁሉም ተናገራችሁ። ዶሮዎቹን አንድ ቦታ መሰብሰብ በሽታ ያዛምታል ስለተባለ ባለሙያው ራሱ ነበር በረዶ ያለበትን ሳጥን ይዞ በየግቢው የዞረው፤ እናንተ ቀድማችሁ እየገባችሁ ዶሮ ትይዛላችሁ፣ እሱ ዓይኗ ላይ አንድ ጠብታ ያደርጋል፣ ወደ ቀጣዩ ቤት። «በሽታውን ያመጣኸው አንተ ነህ» ተባብለው ክረምቱን ሙሉ ሰላም ያልተባባሉት ሁለቱ ጎረቤቶቻችን እንኳ ያን ጠዋት አንዱ የሌላውን አውራ ዶሮ ይዞ ሲያስከትብ አየሁ። እናንተ ግን ታርቃችኋል ወይስ ለክትባቱ ብቻ ነው? ለማንኛውም ቡና ያፈላችልን ጎረቤታችን እስከ በረካ ስላቆየችን እጇ ይባረክ።

ዶሮ ልስጥ ያላችሁም ብዙ ነበራችሁ። የኮምቦልቻው ወዳጃችን ቦቫንስ የምትባለውን የፈረንጅ እንቁላል ጣይ ልላክ ብለህ ነበር፣ ቸርነትህ አልጠፋንም። ቦቫንስ በደንብ ከተቀለበች በዓመት እስከ 300 እንቁላል ትጥላለች፤ የኛዋ ሐበሻ ዶሮ 60 ከጣለች ጎበዝ ናት። እናቴ ግን የምትፈልገው የምትታቀፍ ዶሮ ነበር፣ ቦቫንስ ደግሞ መታቀፍ አታውቅበትም። እንዳትቀየመን።

በመጨረሻ የኩታበሯ እናት። ምን ብዬ ላመስግንዎት? በሽታ ያልገባበት ግቢ፣ እርስዎ ራስዎ ያስፈለፈሏቸው ሦስት ቄቦች፣ አንዷ ዛግራ፣ አንዷ ነጭ፣ አንዷ ቀይ። ብር ስንሰጥዎት «ለጓደኛ የሚሆን አይሸጥም» ብለው መለሱልን። ያቺ ገብስማ ስትታቀፍ ሁለት ጫጩት ይላኩልኝ ነው ያሉት። ይደርስዎታል፣ እናቴ ቃሏ ነው። ያመጣልን የሚኒባስ ሹፌርም ሒሳብ አልቀበልም ብለሃል፤ ቄቦቹ መንገዱን ሙሉ ጋቢና ውስጥ ነበሩ አሉ፣ ተሳፋሪዎቹንም ይቅርታ እንላለን።

እንደመጡ ግን አልቀላቀልናቸውም። አዲስ ዶሮ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ለብቻዋ መቆየት አለባት ስለተባለ ማድ ቤት ገቡ፣ ክትባታቸውንም እዚያው ወሰዱ። ከዚያ በወንፊት ሽቦ ለይተን ከገብሴ ጋር እንዲተያዩ አደረግን። ይህን ሁሉ ጓደኛ ያጣች ዶሮ በደስታ ትቀበላለች ብለን ስንጠብቅ ላባዋን ነፍታ በሽቦው በኩል ትጠቀጥቃቸው ጀመር! እናቴ ደነገጠች። ጎረቤታችን ሐጂ ናቸው ያረጋጉን። «አብሽሪ፣ ግቢው የሷ ነው፣ አለቃዋ ማን እንደሆነ ማሳወቅ አለባት፣ ደም ካልወጣ አትግቡባቸው» አሉ። እሳቸው ባሉት መሠረት መብልና ውሃውን ሁለት ሁለት ቦታ አደረግነው፣ አንዷ ስትከለክል ሌላዋ ሄዳ እንድትበላ። ጥቅል ጎመን በገመድ አንጠልጥለን ሰቀልንላቸው፣ እሱን ሲነክሱ መናከሱን ይረሳሉ። በመጨረሻ ማታ ከጨለመ በኋላ ቄቦቹን ተሸክመን ከገብሴ ጎን ቆጥ ላይ አስቀመጥናቸው። ዶሮ በጨለማ በደንብ ስለማታይ አትጣላም። ጠዋት ትንሽ ግርግር ነበር፣ ዛግራዋ ሁለት ሦስት ላባ አጥታለች፣ ከዚያ አራቱም ፉርሽካቸው ላይ ናቸው።

ገብሴ አሁን እንቁላል ጀምራለች። ሳሎን መግባቱንም ትታለች፣ ቡና ሲፈላ እንኳ አትመጣም። እናቴ በዚህ ትንሽ ቅር ሳይላት አልቀረም።

አውራ ዶሮ ላምጣላችሁ ያላችሁ፣ ቄቦቹ ይደጉና እንነጋገራለን። ክትባቱ በየሦስት አራት ወሩ መደገም ስላለበት ለቀጣዩ ዙር ልጆቹ መመዝገብ ጀምረዋል፤ ባለፈው የፈራችሁ አሁን ተመዝገቡ። የዶሮ ቤቱን በአጣና አድሳችሁ ሽለምጥማጥ የሚገባበትን ቀዳዳ ሁሉ በቆርቆሮ የዘጋችሁልን ወንድሞች ደግሞ ፒንሳ፣ መዶሻና አንድ ጥቁር ጃኬት እኛ ቤት ረስታችኋል። ጃኬቱ ታጥቧል፤ ኑና ውሰዱ፣ እንቁላል ፍርፍርም አለ።