በጨረታው ዝርዝር ውስጥ «ልዩ ልዩ» ስለሚባሉት አሮጌ ድራሞች

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በጋዜጣዎ ላይ ቀድሜ የምገልጠው የጨረታውን ገጽ ነው። ቤትም ሆነ መኪና የመግዛት አቅም ኖሮኝ ሳይሆን ልማድ ሆኖብኝ ነው። በዚያ ገጽ ላይ መሥሪያ ቤቶችና ትምህርት ቤቶች ያገለገሉ ንብረቶችን ለማስወገድ በሚያወጡት ማስታወቂያ ውስጥ፣ ከተሰባበረ ወንበር፣ ካረጀ ጎማና ከቁርጥራጭ ብረት ቀጥሎ «ልዩ ልዩ የሙዚቃ መሣሪያዎች» የሚል መስመር አልፎ አልፎ ያጋጥመኛል። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በዚያች መስመር ሥር ማንነታቸው ሳይታወቅ ስለሚሸኙት አሮጌ ድራሞች ነው። ልመናዬን አስቀድሜ ልናገር፦ አንድ አሮጌ ድራም በኪሎ ከመሸጡ በፊት፣ ይልቁንም «ይታደስ» ተብሎ ቀለም ከመቀባቱ በፊት፣ ቆዳው ተፈትቶ ውስጡ ይታይ፤ በስልክም ቢሆን ፎቶ ይነሣ።

ወደዚህ ሐሳብ ያደረሰኝ በራሴ ደጅ የገጠመኝ ነገር ነው። ከአራት ዓመት በፊት አንድ ጠዋት በሰፈራችን «ቆራሌው!» እያለ የሚያልፍ ልጅ፣ ከጆንያው ሊገባለት ያልቻለ ትልቅ ክብ ዕቃ በትከሻው ተሸክሞ አየሁት። ዕቃው ላዩ በሙሉ በአረንጓዴ የዘይት ቀለም ተለቅልቋል። ቀረብ ብዬ ሳየው ቤዝ ድራም (በእግር የሚመታው ትልቁ ከበሮ) ነው፤ አብሮት የሚሄደው ጓደኛው ደግሞ ሁለት ቶሞች (በዱላ የሚመቱ መካከለኛ ከበሮዎች) አንዱን በሌላው ውስጥ ከትቶ ይዟል። አንድ መሥሪያ ቤት ዕቃ ቤቱን ሲያጸዳ በኪሎ እንደገዙት ነገሩኝ። «አባባ፣ ብረቱን ፈትተን ልንሸጠው ነው፤ እንጨቱ ሚዛን አይደፋም፣ ከፈለጉ ይውሰዱት» አለኝ ልጁ። እኔም ብረቱ ሳይፈታ ሁሉንም አንድ ላይ ገዛኋቸው። ስኔሩ (ከሥሩ ሽቦ የተወጠረበት ትንሹ ከበሮ) እና ሲምባሎቹ (የነሐስ ሳህኖቹ) ከዕቃው ጋር አልነበሩም።

በወጣትነቴ በቀበሌያችን የኪነት ቡድን ውስጥ ድራም ተጫውቻለሁ፤ ኑሮዬን የገፋሁት ግን በአናጺነት ነው። እንደ አናጺ የመጀመሪያ ሐሳቤ ቀፎዎቹን (የከበሮዎቹን የእንጨት አካል) በብርጭቆ ወረቀት ከውስጥም ከውጭም እስከ እንጨቱ ድረስ ልጦ ቫርኒሽ መቀባት ነበር። አሁን ሳስበው ያስደነግጠኛል። ያዳነኝ ብልሃት ሳይሆን የገበያ ችግር ነው፤ አዲስ ቆዳ ገዝቼ ልሞክረው ብዬ ለትንሹ ቶም ባለ 12 ኢንች ቆዳ ባመጣ አልገባ አለኝ። ሻጩ ልኩን ተሳስቶ የሰጠኝ መስሎኝ ሁለተኛ አመጣሁ፤ እሱም እንደዚያው ሆነ። ቀፎውን በአራት አቅጣጫ ብለካው ክብነቱን አልሳተም፤ ነገር ግን በየአቅጣጫው ከ12 ኢንች በጥቂት ሚሊ ሜትር ይበልጣል። ባለ 16 ኢንቹ ቶምም ያው ሆነ።

ይህች ጥቂት ሚሊ ሜትር ናት የዕቃውን አገርና ዘመን የነገረችኝ። ፕሪሚየር የተባለው የእንግሊዝ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1922 በለንደን የተቋቋመ ሲሆን፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፋብሪካው በቦምብ በመመታቱ ወደ ሌስተር ከተማ ተዛወረ። ይህ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ ገደማ የተወሰኑ ከበሮዎቹን የሚሠራው በአሜሪካኖቹ ልክ ሳይሆን ትንሽ ሰፋ ባለ በራሱ ልክ ነበር፤ በኋላ ነው ከሌሎቹ ጋር የተስተካከለው። ከዚያ ወዲያ ሌሎቹ ምልክቶች ተራ በተራ ገጠሙልኝ፦ ስስ ኮምፔልሳቶ የሆነው ቀፎ ከላይና ከታች በወፍራም የእንጨት ቀለበት የተደገፈ ነው፤ የክሮሙ ጥራትም በዚያ ዘመን ፕሪሚየር የሚመሰገንበት ነበር፤ ባጁ (የፋብሪካው ስም ያለበት ትንሽ ብረት) ተነቅሎ ቢጠፋም የተሰካበት ቀዳዳ ከአረንጓዴው ቀለም ሥር ይታያል። ባጅ ስለሌለ ማንነቱ አይታወቅም የሚል ሰው ቢያጋጥማችሁ አትቀበሉት። ባጅ ከአንዱ ከበሮ ተነቅሎ ሌላው ላይ ሊለጠፍ ይችላል፤ የቀፎ ልክና የቡሎን ቀዳዳ አቀማመጥ ግን እንዲህ በቀላሉ አይቀየርም።

አንባቢ ቤቱ ውስጥ ያለውን እንዲመረምር ያህል ስለሌሎቹም ጥቂት ልጨምር። የአሜሪካው የቺካጎ ፋብሪካ ሉድቪግ የሠራው ከሆነ ውስጡ ብዙ ይናገራል፦ በ1950ዎቹ የተሠራው ውስጡ ነጭ ቀለም የተቀባ ነው፤ ከ1961 ገደማ እስከ 1968 ያለው ነጠብጣብ ያለበት ግራጫ ነው፤ ከዚያ በኋላ የእንጨቱ መልክ ሳይሸፈን መታየት ጀመረ (በዚህ አንቀጽ ያሉት ዘመኖች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። አንዳንዶቹ ውስጥ በቀይ ቀለም የታተመ ቀን ይገኛል። ባጁ ላይ ተከታታይ ቁጥር የተጀመረው በ1963 መጨረሻ ግድም ነው፤ ባጆቹ ግን በቁጥራቸው ቅደም ተከተል ስላልተሰኩ ቁጥሩ ዘመኑን በግምት እንጂ በትክክል አይናገርም። ሌላው የአሜሪካ ፋብሪካ የግሬች ድራም ውስጡ በብርማ ቀለም የተቀባ ነው፤ ባጁ እስከ 1971 ክብ ነበረ፣ ከዚያ ስምንት ማዕዘን ሆነ። የጃፓኖቹ ደግሞ በዚያ ዘመን በብዛት ፊሊፒን ማሆጋኒ በሚባለው ቀላል እንጨት እየተሠሩ በልዩ ልዩ የንግድ ስም ይሸጡ ስለነበር፣ ባጁ ላይ ያለው ስም ፋብሪካውን አያሳውቅም።

እኛ ዘንድ ይህ ሁሉ ዓይነት ሊገኝ የሚችልበት ምክንያት ግልጽ ነው። ከ1916 ዓ.ም. አርመናውያን «አርባ ልጆች» የነሐስ ባንድ ጀምሮ እስከ ክቡር ዘበኛና ፖሊስ ኦርኬስትራ፣ በ1948 ዓ.ም. እስከ ተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ (የዛሬው ብሔራዊ) ቴአትር፣ ድራመሩ ተማረ ሐረጉ ከዋሊያስ ባንድ ጋር በሒልተን ሆቴል ይጫወቱ እስከነበረበት ዘመን ድረስ ዕቃው የመጣው ከአንድ አገር አልነበረም። በደርግ ጊዜ በኪነት ቡድናችን የነበረው ድራም በምሥራቅ ጀርመን የተሠራ ነበር። ያኔ «የሶሻሊስት ዕቃ» ብለን እንንቀው እንደነበር አልደብቅም። በኋላ እንደተረዳሁት ግን የዚያ አገር ድራም ይሠራባት የነበረችው የቫይሰንፌልስ ከተማ፣ ሶኖር የተባለው የጀርመን ድራም ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1875 የተመሠረተባት ናት፤ ከጦርነቱ በኋላ ፋብሪካው ሲወረስ ባለቤቶቹ ወደ ምዕራብ ሄደው እንደገና ጀመሩ እንጂ ሥራው እዚያም አልተቋረጠም።

ወደ አረንጓዴው ድራም ልመለስ። ውስጡን በባትሪ ሳበራ፣ በቤዝ ድራሙ ቀፎ ላይ በእርሳስ የተጻፈ የአማርኛ ጽሑፍ አገኘሁ፦ «ቆዳ ተቀየረ፣ ሐምሌ 12 ቀን 1961 ዓ.ም.። አታጥብቁት።» ጽሑፉ የተጣደፈ ሰው እጅ ነው፤ «አታጥብቁት» የሚለው ግን ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። ይህን ያነበብኩት የብርጭቆ ወረቀቱን ገዝቼ ጠረጴዛዬ ላይ ካስቀመጥኩ በኋላ ነው። የዚህ ዕቃ የግዢ ደረሰኝ የለም፤ ከየትኛው ባንድ እንደወጣ የሚናገር መዝገብም እጄ ላይ የለም፤ ያለው ይህ አንድ መስመር ብቻ ነው፣ እሱም በአንድ ቀን ሥራዬ ዱቄት ሆኖ ይቀር ነበር። ጸሐፊው የሚለውን የሚያውቅ ሰው ነበር፤ ቡሎኑን የሚቀበሉት ብረቶች በቅርጽ የፈሰሱ ስለሆኑ ከልክ በላይ ሲጠብቁ ይሰነጠቃሉ፣ ከጽሑፉ በላይ ካሉትም አንዱ ተሰንጥቆ አግኝቼዋለሁ። ምክሩን ያልሰማ ሰው በኋላ መጥቶ ነበር ማለት ነው።

በእድሳቱ ጊዜ እኔም ጥፋት አላጣሁም። አረንጓዴውን ቀለም ለማንሣት ቲነር በጨርቅ ነክሬ ባሻሸሁበት ቦታ፣ ከሥሩ ያለው ዕንቁ የመሰለ ነጭ ሽፋን እንደ ማስቲካ ለሰለሰና አብሮ ተነሣ። ሽፋኑ ከሴሉሎይድ ዘር የሆነ ፕላስቲክ ነው፤ ቲነር ያሟሟዋል፣ ከእሳት አጠገብ ከሆነም በቀላሉ ይያያዛል። የመዳፍ ግማሽ የሚያህል ጠባሳ ትልቁ ቶም ላይ እስካሁን አለ። ከዚያ በኋላ የቀረውን በሙሉ በፕላስቲክ መፋቂያና ለብ ባለ የሳሙና ውኃ ሦስት ሳምንት ሙሉ ፋቅሁት፤ የዘይት ቀለሙ በደንብ ያልያዘው ከታች ያለው ገጽ ልሙጥ ስለሆነ እየተሸረፈ ወጣልኝ። የክሮሙን ዝገት ለማንሣት የብረት ሱፍ አልተጠቀምሁም፤ የተጨማደደ የምግብ መጠቅለያ አልሙኒየም ውኃ ነክሮ በቀስታ ማሸት ይበቃል። የጠፉ ሁለት ቡሎኖች ነበሩ፤ ገበያ ላይ ያለው ጥርሱ ስላልገጠመ አንድ ቶርኖ ቤት የሚሠራ ወዳጄ በአሮጌው ልክ አወጣልኝ። ቡሎን መቀበያዎቹ ውስጥ ያሉት ሞላዎች ሲመቱ እንዳይንጫጩ ጥጥ ጠቀጠቅሁባቸው፤ ይህን የድሮ ድራመሮችም ያደርጉት ነበር።

ለድምፁ ከሁሉ የሚበልጠው ቆዳው የሚቀመጥበት ጠርዝ ነው፤ በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ጠርዙ የተስተካከለ መሆኑን ለማወቅ መብራት ጠፍቶ ቀፎው በወፍራም መስተዋት ላይ ይደፋና ውስጡ ትንሽ አምፖል ይበራል፤ ብርሃን ሾልኮ የሚወጣበት ቦታ ዝቅ ያለው ቦታ ነው። በእኔ ቶም ላይ አንዲት የጣት ስፋት ያላት ቦታ ብቻ አበራች። ጠርዙን በሙሉ ከመቁረጥ ይልቅ ያችን ቦታ በእንጨት ዱቄትና በኮላ ሞልቼ አስተካከልኋት፤ ምክንያቱም አንዴ የተቆረጠ ጠርዝ አይመለስም፣ የዚያ ዘመን ከበሮ ድምፅም ከጠርዙ ቅርጽ ጋር የተያያዘ ነው። ቆዳውን በተመለከተ፣ ለአሮጌው የእንግሊዝ ልክ የሚሆን ውጭ አገር ይሠራል፤ የእኔን አንድ ዘመድ ከለንደን አምጥቶልኛል።

ሲምባል በእጁ ያለ ሰው ደግሞ እባክዎ ይንገሩልኝ፣ እንደ ሰርግ ትሪ አያብርቀው። ጠንክሮ በተወለወለ ቁጥር የተጫነው የፋብሪካ ማኅተም እየሳሳ ይሄዳል፤ ዘመኑን ለማወቅ ከሚረዱት ምልክቶች አንዱ ደግሞ እሱ ነው። (በነገራችን ላይ በዚህ ሥራ ስሙ የገነነው የዚልጂያን ቤተሰብም አርመናዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1623 በኢስታንቡል ጀምሮ በ1929 ወደ አሜሪካ ተሻገረ።)

የንብረት ክፍል ኃላፊዎችን መውቀስ አልፈልግም፤ በቆጠራ ቅጽ ላይ «ከበሮ፣ አሮጌ፣ 3» ብሎ ከመጻፍ ያለፈ ግዴታ ማንም አልሰጣቸውም። ቀለም የሚያስቀቡትም ቢሆኑ ዕቃው እንዲያምር አስበው ነው። ነገር ግን ማስታወቂያው ከመውጣቱ በፊት ያለው አንድ ከሰዓት ይበቃል፤ የድራም ቁልፍ ይዞ የሚመጣ አንድ ሰው፣ አንድ ሜትርና አንድ ባትሪ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ይህን ቢሠሩት ደስ ይለኛል፤ በአዲስ አበባ ውስጥ ለሚገኝ ማንኛውም መሥሪያ ቤት እኔም ያለ ክፍያ እመጣለሁ፣ አድራሻዬን በዝግጅት ክፍሉ ትቻለሁ።

በመጨረሻም፣ ዕንቁ የመሰለ ነጭ ሽፋን ያለው፣ ምናልባትም በአረንጓዴ የዘይት ቀለም የተለቀለቀ፣ ባለ 14 ኢንች ስኔር ያለው አንባቢ ቢኖር እንዲሸጥልኝ አልጠይቅም። ቆዳውን ፈትቶ፣ ውስጡ ላይ በእርሳስ የተጻፈ ነገር መኖሩንና «አታጥብቁት» የሚለው ቃል ሁለት ጊዜ የተሰመረበት መሆኑን ብቻ ቢያሳውቀኝ በቂዬ ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የቀድሞ የኪነት ቡድን ድራመር፣ ጡረታ የወጣ አናጺ
አዲስ አበባ