የወይን ዘር እንክብል የግፊት መድኃኒትን አይተካም

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፤

በድሬዳዋ፣ በከዚራና በመጋላ አካባቢ፣ ከወይን ዘር የተዘጋጀ እንክብል የደም ግፊት መድኃኒትን ይተካል እየተባለ ሲወራ መስማቴ አሳስቦኝ ይህን ጽፌያለሁ።

በወይን ዘር ውስጥ ፕሮአንቶሲያኒዲን የሚባሉ፣ ካቴቺንና ኤፒካቴቺን የተባሉ የተክል ሞለኪውሎች እንደ ሰንሰለት እየተያያዙ የሚሠሯቸው ውህዶች በብዛት መኖራቸው እውነት ነው፤ ፈረንሳዊው ተመራማሪ ዣክ ማስኬሊየ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ ያጠኗቸው ሲሆን፣ በቤተ ሙከራ ኦክሲዴሽንን፣ ማለትም ሴሎችን ሊጎዳ የሚችለውን ኬሚካዊ ሂደት፣ በብርቱ እንደሚከላከሉ ታይቷል። ሆኖም ረጃጅሞቹ ሰንሰለቶች በትንሹ አንጀት በኩል ወደ ደም እምብዛም ስለማይገቡ፣ አብዛኞቹ ወደ ትልቁ አንጀት ወርደው በዚያ ባሉ ባክቴሪያዎች ይሰባበራሉ። በሰዎች ላይ በተደረጉ ሙከራዎች የታየው የግፊት ቅነሳም መጠነኛ ነው፤ ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት የሚያስጥል ፈጽሞ አይደለም።

በጣም የሚያሰጋኝ ዋርፋሪንን የመሰለ የደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ወገኖቻችን ጉዳይ ነው፤ እንክብሉ ሲጨመርበት የመድማት አደጋው ከፍ ሊል ይችላልና። ውህዶቹ ከእህልና ከጥራጥሬ የምናገኘውን ብረት ስለሚይዙም፣ የደም ማነስ ያለባት እናት ከምግብ ጋር ባትወስዳቸው ይመረጣል።

ጋዜጣዎ የከተማችንን የፋርማሲ ባለሙያዎች ጋብዞ ጉዳዩን በሰፊው እንዲያስረዳልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አክባሪዎ፣
አንድ አንባቢ፣ ከድሬዳዋ