ስለ ተከራየናቸው የመኝታ ከረጢቶችና በስልክ ስለተሰጠን ምክር የቀረበ ቅሬታ

ለካምፕ ዕቃዎች አከራይ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ ለወጣቶች የተራራ ጉዞ የተከራየናቸውን የመኝታ ከረጢቶች ይመለከታል

እኔ በቤተ ክርስቲያናችን የወጣቶች አገልግሎት ከሚያስተባብሩት አንዷ ስሆን፣ ባለፈው ወር 32 ታዳጊዎችንና ወጣቶችን ይዘን ለጸሎትና ለትምህርት ወደ ተራራ ስንወጣ ድንኳኖቹን፣ የመኝታ ከረጢቶቹን (ስሊፒንግ ባጎቹን) እና የስፖንጅ ምንጣፎቹን የተከራየነው ከድርጅታችሁ ነበር። ሦስት ሌሊት ልናድር ወጥተን በሁለተኛው ሌሊት ማግስት ወርደናል። ወደ ተራራው የወጣንበት ዋናው ዓላማ፣ ማለትም በመጨረሻው ቀን ማለዳ ልናደርገው የነበረው የአምልኮ ጊዜም ሳይፈጸም ቀርቷል።

በማዘዣ ቅጹ ላይ የምንሰፍርበት ቦታ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ እንደሚገኝና ከተጓዦቹ አብዛኞቹ ከ13 እስከ 17 ዓመት ዕድሜ ያላቸው እንደሆኑ በግልጽ አስፍረናል። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአየሩ ሙቀት በአማካይ በ6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ስለሚቀንስ፣ ሌሊቱ እስከ ዜሮ ሊወርድ እንደሚችል አስቀድመን ገምተን ነበር። በዚሁ ግምት ከዕቃ ዝርዝራችሁ የመረጥነው «እስከ ከዜሮ በታች 13 ዲግሪ» የሚል የተጻፈበትን ከረጢት ሲሆን፣ ለወላጆች ባደረግነው ስብሰባም ይህንኑ ቁጥር ጠቅሰን ልጆቻቸው እንደማይበርዳቸው ነግረናቸዋል። ዛሬ ከሁሉም በላይ የሚከብደኝ ያ ንግግር ነው።

በመጀመሪያው ሌሊት ይዘነው የወጣነው ቴርሞሜትር ያሳየው ዝቅተኛ ሙቀት ከዜሮ በታች 1 ዲግሪ ብቻ ነበር። ሆኖም ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ከየድንኳኑ የሚያንቀጠቅጣቸው ልጆች እየወጡ ወደ እኛ ይመጡ ጀመር። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ከመንቀጥቀጥ አልፋ ንግግሯ መያያዝ፣ ጣቶቿም የጃኬቷን ዚፕ መያዝ አቃታቸው። እነዚህ የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች መውረድ ሲጀምር የሚታዩ ምልክቶች እንደሆኑ ከእኛ መካከል የመጀመሪያ ሕክምና ዕርዳታ ሥልጠና የወሰደች አስተባባሪ ስለነበረች ወዲያው ታወቀ። ልብሷን በደረቅ ለውጠን፣ በጨርቅ የተጠቀለለ የሙቅ ውኃ ጠርሙስ ደረቷ ላይ አድርገን፣ ሞቅ ያለ ጣፋጭ መጠጥ በጥቂት በጥቂቱ እየሰጠናት፣ ሁለት ጓደኞቿን ግራና ቀኝ አስተኝተን እስኪነጋ ጠበቅናት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጠዋት ላይ ደህና ሆናለች።

ሲነጋ ከረጢቶቹን ገልብጠን በውስጥ በኩል የተሰፋውን መለያ ስናነብ ሦስት ቁጥሮች አገኘን፤ ለምቾት 7 ዲግሪ፣ ዝቅተኛ ወሰን 2 ዲግሪ፣ የመጨረሻ ጽንፍ ደግሞ ከዜሮ በታች 13። የመኝታ ከረጢቶች በሚለኩበት ዓለም አቀፍ መመዘኛ መሠረት የመጀመሪያው ቁጥር አንዲት ሴት ተዝናንታ የምትተኛበትን፣ ሁለተኛው አንድ ወንድ ተኮራምቶ ሌሊቱን ሊያሳልፍ የሚችልበትን ሙቀት ያመለክታል። ሦስተኛው ቁጥር እንቅልፍን የሚመለከት አይደለም፤ አንድ ሰው ለስድስት ሰዓት ያህል በብርድ ከመሞት ሊተርፍ የሚችልበትን ወሰን የሚናገር ነው። ድርጅታችሁ ከሦስቱ መርጦ ለደንበኛ ያሳየው ይህንን ሦስተኛውን ብቻ ነው። እያንዳንዱ ቁጥር በመለያው ላይ እውነት መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን ከሞት መትረፊያውን ቁጥር እንደ መኝታ ቁጥር አድርጎ ለሕፃናት ጉዞ ማከራየት ደንበኛን ከማሳሳት ተለይቶ የሚታይ አይመስለኝም።

ከረጢቶቹን ስንረከብ መለያውን አለማየታችን የእኛ ጥፋት ነው። በጉዞው ዋዜማ ምሽት፣ በየማቀፊያቸው ታጭቀው ስለመጡ ቆጥረን ብቻ ተቀበልናቸው። ከምንጣፎቹም ስምንቱ ጎድለው እንደነበር የርክክብ ሰነዱ ላይ ተመዝግቦ በሠራተኛችሁ ተፈርሟል፤ «ጠዋት ይደርሳችኋል» ተብለን አልደረሰንም። የከረጢቱ መለኪያ ከሥር ምንጣፍ እንዳለ ታስቦ የሚወጣ በመሆኑ ይህ ጉድለት ቀላል አልነበረም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያስገደደኝ ግን በዚያው ቀን ጠዋት የስልክ ኔትወርክ ወዳለበት ጉብታ ወጥቼ ስደውል የተሰጠኝ ምላሽ ነው። ስልኩን ያነሳው ሠራተኛ በመጀመሪያ ወጣቶች ስለሆኑ ብርዱን እንደሚለምዱት ነገረኝ። ስከራከረው ደግሞ የጋዝ ምድጃውን ድንኳን ውስጥ ለኩሰን ዚፑን ዘግተን እንድንተኛ መከረኝ። በተዘጋ ድንኳን ውስጥ የሚነድ ምድጃ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመነጫል፤ ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፣ በደም ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ይጣመራል፣ የተኛን ሰውም ሳያነቃ ሊገድል ይችላል። ምክሩን የሰማሁት እኔ ባልሆንና ይህን የማያውቅ ሌላ አስተባባሪ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ስለ ብርድ አይሆንም ነበር። አውቶቡሱ ቀድሞ ሊመጣልን የቻለው በማግስቱ ስለሆነ ሁለተኛውን ሌሊት ልጆቹን ሁሉ በመሰብሰቢያው ትልቅ ድንኳን ውስጥ አቀራርበን፣ ያላቸውን ልብስ ሁሉ አልብሰን፣ እኛ በየተራ እየነቃን አሳለፍነው።

ስለዚህ የመኝታ ከረጢቶቹና የምንጣፎቹ ኪራይ በሙሉ እንዲመለስልን እጠይቃለሁ። ድንኳኖቹ ያለ እንከን ያገለገሉን ስለሆኑ በእነሱ ላይ ጥያቄ የለኝም። በዕቃ ዝርዝራችሁ ላይ የምቾቱ ቁጥር ከሌሎቹ ሁለት ቁጥሮች ቀድሞ እንዲጻፍ፣ ስልክ የሚያነሱ ሠራተኞቻችሁም በድንኳን ውስጥ እሳት እንዲለኮስ ዳግመኛ ለማንም እንዳይመክሩ በጽሑፍ መመሪያ እንዲሰጣቸውና የመመሪያው ቅጂ እንዲላክልን እፈልጋለሁ። ገንዘቡ ቢዘገይ እንታገሣለን፤ የስልኩ ምክር ግን ቀጣዩ ቡድን ወደ ተራራ ከመውጣቱ በፊት መታረም ስላለበት፣ በእሱ ላይ የሰጣችሁትን ውሳኔ በ15 ቀናት ውስጥ በጽሑፍ እንድታሳውቁኝ እጠይቃለሁ።

የማዘዣ ቅጹን፣ የርክክብ ሰነዱንና የከረጢቱን መለያ ፎቶግራፍ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ።

ከሰላምታ ጋር

የወጣቶች አገልግሎት አስተባባሪ