እጅሽን ሰብስቢ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ ደኅና ነን፤ እናትሽ ግን ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ለእኛ እንዳይነገር ያልሽው ነገር እራት ላይ ከወንድምሽ አፍ አመለጠ። መኪና የገጨውን ቀበሮ ከመንገድ ዳር ስታነሺ አውራ ጣትሽ ሥር ነክሶሽ፣ ቁስሉን በመሐረብ ጠምጥመሽ፣ ቀበሮውን ለእንስሳት ሐኪሙ ካስረከብሽ በኋላ አንቺ ሳትታከሚ ወደ ቤትሽ ገብተሻል። ወንድምሽን እንዳትቆጪው፤ ያመለጠው ጨንቆት ነው።

ይህን ደብዳቤ አንብበሽ ሳትጨርሺ ተነሺና ወደ ጤና ተቋም ሂጂ። ቁስሉ ቢደርቅም፣ ጭረት ብቻ ቢመስልሽም፣ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት ዛሬውኑ ጀምሪ። ንክሻው ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ ያህል መታጠብ ነበረበት፤ ያ ቢያልፍም ክትባቱ አላለፈም። የበሽታው ምልክት አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ከ2 እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ አንዳንዴ በሳምንት ይመጣል፣ አንዳንዴም ዓመት ይቆያል፤ ስለዚህ ለወንድምሽ «አምስት ቀን አለፈኝ፣ ምንም አልሆንሁም» ማለትሽ እኔን አያሳርፈኝም። ምልክቱ አንዴ ከታየ ወዲያ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1885 በእብድ ውሻ የተነከሰውን የ9 ዓመት ልጅ በክትባት ካተረፈ ወዲህ ግን፣ በጊዜው ታጥቦ በጊዜው የተከተበ ሰው ከዚህ ሞት ይድናል። መርፌው አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም፤ በተቀጠርሽበት ቀን ሁሉ ተመለሺ፤ ሐኪሙ ቁስሉ ዙሪያ ሌላ መርፌ ልውጋሽ ቢልም እሺ በይ። «ተገጭቶ እኮ ነው እንዲያ የፈዘዘው» ብለሽ ታስቢ ይሆናል። ነገር ግን በዚህ በሽታ የተያዘ አውሬ ሰውን መፍራት ሊተውና በጠራራ ፀሐይ መንገድ ላይ ሊወጣ ይችላል፤ የተገጨውም በዚሁ ሳቢያ እንዳልሆነ በምን አወቅሽ?

ልጄ፣ እጅሽን ሰብስቢ።

ሥራሽን የምጠላ እንዳይመስልሽ። የሰፈርሽ ሰዎች ክንፉ የተሰበረ ወፍ ባገኙ ቁጥር ሌሊትም ቢሆን አንቺን መጥራታቸው ያኮራኛል። ጭልፊቱን የለቀቅሽ ዕለት አብሬሽ ነበርሁ። የካርቶኑን ክዳን ስትከፍቺው ወዲያው አልበረረም፤ ጠርዙ ላይ ቆሞ ላባውን አራገፈ፣ ጥፍሮቹ ካርቶኑን ሲቧጥጡ ይሰማን ነበር፣ ከዚያም ዘወር ብሎ እንኳ ሳያየን ዛፉን ተሻግሮ ሄደ። አንቺ ስታለቅሺ እኔ ዓይኔን ወደ ላይ አድርጌ የማይ መሰልሁ። ያ ጭልፊት እንዲያ ሊሄድ የቻለው፣ አጥንቱ እስኪገጥምና ጡንቻው በሰፊው ማቆያ ውስጥ እየበረረ እስኪጠነክር ድረስ በመጋረጃ ጀርባ ሆነሽ እየመገብሽ፣ ሳታናግሪው፣ ሳትዳብሺው ስለከረምሽ ነው። ታዲያ ባለፈው ሳምንት የላክሽልን ፎቶግራፍ ምንድን ነው? የጉጉቷ ጫጩት ትከሻሽ ላይ ተቀምጣ፣ አንቺ ጉንጭሽን ላባዋ ላይ አስደግፈሽ! እናትሽ «እንዴት ታምራለች» አለች፤ እኔ ግን ሆዴ ባባ።

ኮንራድ ሎሬንዝ የተባለው ሳይንቲስት፣ ከእንቁላል እንደ ወጡ መጀመሪያ ያዩት እርሱን ስለ ነበር እንደ እናታቸው ስለተከተሉት የዝይ ጫጩቶች የጻፈውን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። ጉጉትም እንዲሁ ናት። የሰው ፊት እያየች ያደገች ጫጩት ራሷን ከሰው ወገን ትቆጥራለች፤ ስትጎለምስ ጓደኛ የምትሻው ከሰው ነው፣ ሲርባትም የምትመጣው ወደ ሰው ነው፤ የሚጠብቃት ሰው ግን ሁሉ እንደ አንቺ አይደለም። ፊትሽን ሸፍነሽ በመቆንጠጫ መግቢያት፤ የእርሷው ዓይነት ጫጩት ያለበት ቦታ ካለ ደግሞ ፈጥነሽ ከዚያ ጋር አገናኛት። ልሙጥ ሥጋ ብቻም አትስጫት፤ አጥንት የሌለበት ሥጋ ካልሲየም ስለሚያንሰው እግሯ ይጎብጣል። እጅሽን ሰብስቢ ስልሽ ከቀበሮው ጥርስ ብቻ አይደለም።

ዕቃ ቤት ያለውን፣ በልጅነትሽ አሻንጉሊቶችሽን ታስተኚበት የነበረውን የእንጨት ሣጥን ታስታውሺዋለሽ። ለምን እንደ ተሠራ በጠየቅሽኝ ቁጥር «አያትሽ የሠራው ነው» እያልሁ አልፍሽ ነበር። የተሠራው ለሚዳቋ ግልገል ነው።

የ11 ዓመት ልጅ ሳለሁ ከቁጥቋጦ ሥር ተጣጥፋ አገኘኋት። አልጮኸችም፣ አልሸሸችም፤ ጆሮዎቿን ወደ ኋላ ለጥፋ፣ አንገቷን መሬት ላይ ዘርግታ ዝም አለችኝ። እናቷ የተወቻት መሰለኝ። የሚዳቋ እናት ግልገሏን ደብቃ እየዋለች ለማጥባት ብቻ ብቅ እንደምትል፣ የምትርቀውም አዳኝ አውሬ በእርሷ ተመርቶ ልጇን እንዳያገኝ መሆኑን፣ የግልገሏም ዝምታ መሸሸጊያዋ እንደ ሆነ ማን ይንገረኝ? አቅፌ ወደ ቤት ወሰድኋት። አመሻሹ ላይ ወደዚያው ስመለስ አንዲት ሚዳቋ ቁጥቋጦውን እየዞረች መሬቱን ስታሸት አየሁ። ይህን ለእናትሽም ነግሬያት አላውቅም። አባቴ «እንመልሳት» ሲል ጎረቤቶች «የሰው እጅ ከነካት እናቷ አትቀበላትም» አሉት፤ እኔም ያየሁትን ደብቄ ዝም አልሁ፤ እንድትቀርልኝ ፈልጌ ነበርና። የጎረቤቶቹ ቃል ትክክል እንዳልነበር፣ እናት የሰው ጠረን ሸተተኝ ብላ ልጇን እንደማትጥል፣ በዚያው ምሽት ካነሣሁበት ባስቀምጣት እናቷ ልትወስዳት ትችል እንደ ነበር ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

የላም ወተት በጡጦ ሰጠናት፤ ለእርሷ የሚስማማ አልነበረምና በሦስተኛው ቀን ተቅማጥ ያዛት። እናቷ እየላሰች የምታሸናት መሆኑንም ስላላወቅን ሆዷ ተነፋ። ቀን ቀን ልጆች እየተሰበሰቡ ይዳብሷት ነበር፤ ፍርሃት ብቻውን የዱር እንስሳን ልብና ጡንቻ እንደሚጎዳ አላወቅንምና ዝም ስትል ለመደችን እያልን ደስ አለን። በስድስተኛው ቀን ጠዋት ሣጥኑን ስከፍተው አንገቷ እንደ መጀመሪያው ቀን ተዘርግቶ ነበር። የተኛች መስሎኝ ጆሮዋን ነካሁት፤ ቀዝቅዟል።

ስለዚህ ሰዎች ግልገል ወይም ጫጩት ይዘው ሲመጡብሽ አስቀድመሽ «ከየት አነሣችሁት? እናቱን ለማየት ርቃችሁ ጠበቃችሁ?» ብለሽ ጠይቂያቸው። ካልቆሰለና ካልደከመ መልሳችሁ አስቀምጡት በያቸው። ላባ አውጥቶ መሬት ላይ የሚዘል ጫጩት በረራ እየተለማመደ ነው፤ ድመቱን ያርቁለት እንጂ አያንሡት። ድመት የነከሰው ወፍ ግን ቁስሉ ባይታይም ለሐኪም ይድረስ፤ የድመት ምራቅ ይመርዘዋል። የደከመን ወፍ አፍ ከፍታችሁ ውኃ አታንቆርቁሩ በያቸው፤ ወደ ሳንባው ይገባል። ጨለማ፣ ሙቀትና ጸጥታ ይበቃዋል። አንቺም እጅሽን ሰብስቢ፤ ፎጣ ሳትጥይበት፣ ጓንት ሳታጠልቂ ምንም አታንሺ።

ሣጥኑን ከወንድምሽ ጋር ልኬልሻለሁ። ብርሃን እንዳይበዛበት የአየር ቀዳዳዎቹን ከጎኑ ዝቅ አድርጌ በስቻቸዋለሁ፤ ምስማሮቹንም አንድ በአንድ ነቅዬ በእንጨት ችንካር ተክቻቸዋለሁ። ውስጡ እስከ ክርን የሚደርስ የወፍራም ቆዳ ጓንት አለ፤ በመጠንሽ መሆኑን በእናትሽ እጅ ለክቻለሁ። የክትባት ካርድሽን ዛሬ ማታ ፎቶግራፍ አንሥተሽ በወንድምሽ ስልክ ላኪ፤ ቀኖቹ ሁሉ በግልጽ እንዲነበቡ አድርጊ፤ እናትሽ እርሱን ሳታይ አትተኛም።

የሚወድሽ አባትሽ