ትኩሳቱ ለቀቀኝ እንዳትለኝ

ልጄ፣

በስልክ ስናገርህ "እሺ፣ እሺ" ብለህ ትዘጋብኛለህ። ስለዚህ ጽፌ በቴሌግራም ላክሁልህ፤ ጋደም ብለህ አንብበው። አክስትህ ሁሉንም ነግራኛለች። ሰኞ ማታ እንደጀመረህ፣ ከዓይንህ ጀርባ እንደሚወጋህ፣ የወባ ምርመራው ነጻ እንደሆነ። ለእኔ ግን "ጉንፋን ነው" አልከኝ። በጥቅምት ድሬዳዋ ላይ አጥንት የሚሰብር ምን ጉንፋን አለ?

ተመርምሮ እስኪለይ ድረስ ደንጊ የሚሉት፣ በትንኝ የሚተላለፈው ትኩሳት ነው ብለህ ተኛ። በ2006 ዓ.ም. መስከረም ከተማውን ያዳረሰው እሱ ነው። በ2011 ክረምት ደግሞ ችኩንጉንያ መጣ፤ የአክስትህን ጉልበት ታውቀው የለ። ሁለቱንም የምታዛምተው ያችው ኤደስ የምትባለው፣ እግሯ ላይ ነጭ ቀለበት ያላት ትንኝ ናት።

ዲክሎፌናክ የሚሉትን የሕመም ማስታገሻ መወጋትህን ስሰማ ደሜ ፈላ። ሁለተኛ እንዳትነካው! አይቡፕሮፌንና አስፕሪንም እንደዚያው። ደንጊ ራሱ ፕላትሌትን፣ ደም እንዲረጋ የሚያደርገውን፣ ያወርዳል፤ እነሱ ሲጨመሩበት ጨጓራ ይደማል። ፓራሲታሞል ብቻ፣ ባለ 500 ሚሊግራሙን 2 ፍሬ በየ8 ሰዓቱ። አልተሻለኝም ብለህ አትጨምር፣ ጉበትህን ይጎዳል። አንድ ከረጢት ኦአርኤስ በ1 ሊትር ውሃ በጥብጥና ቀስ እያልክ ጠጣ። 6 ሰዓት ሙሉ ሽንት ካልመጣህ ውሃው አልበቃህም ማለት ነው።

ዛሬ ሐሙስ ነው። ነገ ወይም ቅዳሜ ትኩሳቱ ሊለቅህ ይችላል። እኔ የምፈራው ያንን ቀን ነው። ሕመሙ ከጠና፣ ትኩሳቱ ሲወርድ ነው በደም ሥር ውስጥ ያለው ፈሳሽ ወደ ሆድና ወደ ሳንባ ዙሪያ ሾልኮ የሚወጣው፤ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይቆያል። ሰው ግን ድኛለሁ ብሎ ገላውን ታጥቦ ሥራ ይገባል። ትኩሳቱ ለቀቀኝ ብለህ እንዳትነሳ። ሆድህን አጥብቆ ካመመህ፣ ካስመለሰህና ካላቆመ፣ ድድህ ከደማ፣ ሰገራህ ከጠቆረ፣ እጅህ ቀዝቅዞ ካላበህ፣ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል። አክስትህን ቀስቅሳት፣ አትፈር።

የኔ ጌታ፣ ስትሄድ አጎበር ጠቅልዬ ሻንጣህ ውስጥ ከተትኩና ግዴታዬን የተወጣሁ መሰለኝ። ወባን ብቻ ነበር ያሰብኩት። ይህችኛዋ የምትነክሰው በቀን ነው፤ ጠዋት ፀሐይ ከወጣች በኋላና አመሻሽ ላይ። ትንኝ የሚያባርር የሚቀባ ነገርና እጅጌው ረጅም ሸሚዝ መላክ ነበረብኝ። ይቆጨኛል። አሁን ግን አጎበሩ ይጠቅማል፤ ቀንም ከሥሩ ተኛ። በትኩሳትህ ቀናት አንተን የነከሰች ትንኝ ከሳምንት ትንሽ አለፍ ሲል የአክስትህን ልጆች ትይዛለች።

የውሃ በርሜሉንስ? አክስትህ "በየሳምንቱ እንደፋዋለን" ትላለች። መድፋት አይበቃም። ባትሪ አብርተህ ከውሃው መስመር በላይ ያለውን ግድግዳ እይ፤ ጥቀርሻ የመሰሉ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ካሉ እንቁላሎቿ ናቸው። ተጣብቀው ደርቀው ወራት ይቆያሉ፤ የፈረቃው ውሃ መጥቶ ሲነካቸው ይፈለፈላሉ። በርሜሉን ኳ አድርገው፤ ላይ የተንጠለጠሉት እጮች እየተጥመለመሉ ወደ ታች ከወረዱ ዘግይታችኋል። ልጆቹ በደረቅ ብሩሽና በሳሙና ግድግዳውን ይፈግፍጉት፣ ያለቅልቁት፣ አፉን በነጠላ ጨርቅ ሸፍነው በላስቲክ ጥርቅም አድርገው ይሰሩት። በየ7 ቀኑ፤ ከእንቁላል እስከ ትንኝ ከ7 እስከ 10 ቀን ነውና። ክዳን አለው አትበሉኝ፣ የተጣመመ ክዳን በር ነው። ጓሮ ያለው አሮጌ ጎማም ይውጣ። ስቴፈንሲ የሚሉት የወባ ትንኝም እዚያው በርሜል ውስጥ ነው የሚራባው፤ ስለዚህ የወባውን ምርመራ ድገመው።

ነገ ጠዋት ሲቢሲ የሚባለውን የደም ምርመራ አሠራ። ፕላትሌቱን ብቻ አትጠይቅ፣ ሄማቶክሪቱንም፣ ማለት ከደምህ የቀይ ደም ሴሉን ድርሻ፣ እይ። ፕላትሌቱ ወርዶ ሄማቶክሪቱ ከወጣ ደምህ እየወፈረ ነው፤ አስተኝተው ይከታተሉህ፣ ቤት አትመለስ። ትኩሳቱ ቢለቅህም ትሄዳለህ። ሰማህ? ቢለቅህም።

ወረቀቱን ፎቶ አንሥተህ ከ4 ሰዓት በፊት ላክልኝ። ለአለቃህ አክስትህ ትደውልለታለች።

እናትህ